የታደሰው ወደብ የማን ነው?



ለመሆኑ አንድ ቦታ «ታደሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግድግዳው ያዘመመ ቤት ተጠገነ እንበል። ጥገናው ሲያልቅ ግን ቀድሞ ይኖርበት የነበረው ቤተሰብ ደጅ ቆሞ ቢገኝ፣ ቤቱ ታደሰ ይባላልን? ወይስ ባለቤት ቀየረ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከተሞች በሚፈርሱበትና በሚገነቡበት፣ የሐይቅና የወንዝ ዳርቻዎች በሚዋቡበት በዛሬው ጊዜ የብዙ ሰዎችን እንጀራ የሚወስን ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጉዳይ ላይ እንመርምረው፤ እርሱም የጣና ሐይቅ የዓሣ ወደቦችና ኑሮውን በእነርሱ ላይ የመሠረተው ሕዝብ ጉዳይ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ምናልባት በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላ ወይም በለጋምቦ ሆነህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ፣ «እኛ ደገኞች ነን፤ ገብስና ስንዴ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን፤ ከዓሣ ወደብ ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ይሁንና የቦረናን ደጋ ከጎጃም የሚለየው፣ ከገደሉ ሥር ሲጓዝ የምታውቁት አባይ የወጣው ከጣና ነው። የእናንተን ተራሮች አጥበው የሚወርዱት በሽሎና ወለቃም የሚገቡት ወደዚሁ ወንዝ ነው። በሌላ በኩልም በራሳችን በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከዓሣ ጋር የተሳሰረ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ወሬ አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥያቄው የዓሣ ብቻ አይደለም፤ ደካማ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

ሐይቁና የሐይቁ ሰዎች

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱን ያየ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እጅግ ጥልቅ የሚባለው ሥፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሣዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ከእነዚህ ሦስቱ የሊቃውንትን ዓይን የሳበው ነጭ ዓሣ ነው። እኛ በአንድ ስም ብንጠራውም በውስጡ ከ15 የማያንሱ ልዩ ልዩ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ከእነዚህ ዝርያዎች በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ሽቅብ በመጓዝ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ሐይቅ ዳርቻ ከማንም በፊት ኑሮውን በውኃው ላይ የመሠረተ ሕዝብ አለ፤ ነገደ ወይጦ ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 አካባቢ ወደ ጣና በመጣ ጊዜ ስለ እነዚህ ሰዎች ጽፏል። ጥንት የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭደው፣ አድርቀውና አስረው ታንኳ ይሠራሉ። የደንገል ታንኳ ብረትና ሚስማር የለውም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና በየጊዜው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። በመሆኑም ታንኳ ሠሪ የሚኖረው በእጁ ሙያና በዳርቻው ደንገል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከተወሰደበት ሙያው ባዶ ይቀራል።

ነገደ ወይጦ ሙስሊም ነን ይላሉ። ይሁን እንጂ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ሙስሊም ወንድሞቻቸው ጭምር «የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ» በሚል ምክንያት ለረጅም ዘመን ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ ሳይቀርቡ፣ ሳይጋቡ ኖረዋል። የጉማሬ አደኑ ከቀረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈው፤ መጠየፉ ግን ከአደኑ በኋላም ዕድሜ አገኘ። ምክንያቱ ሞቶ ውጤቱ በሕይወት ሲቆይ፣ ከመጀመሪያውም ነገሩ የሃይማኖት ጥንቃቄ ብቻ እንዳልነበረ አያመለክትምን? የተከለከለን ምግብ ማስተማርና ማስተው አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ዘር መናቅ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ዲናችን አጥብቆ ያወገዘው የጃሂሊያ ትዕቢት ነው። ሰው ሁሉ የአደም ልጅ መሆኑን፣ አደምም ከአፈር መፈጠሩን ለልጆቻችን የምናስተምር ሰዎች፣ ይህን ትምህርት እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ልንወስደው ይገባል።

ሞተር መጣ፣ ዓሣው ሸሸ

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጣና የሚሰገረው በአብዛኛው በደንገል ታንኳ፣ ከዳርቻ ሳይርቅ ነበር። በ1986 ግን ከኔዘርላንድ በመጣ የቤተ ክርስቲያን ርዳታ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ዘመናዊ መረቦች ወደ ሐይቁ ገቡ፤ አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጁ። እርግጥ ነው፣ ይህ በጎ ሥራ ነበር። ታንኳ የማይደርስበት ሥፍራ ጀልባ ደረሰ፤ ባሕር ዳር ከተማ የዓሣ ወደብ ሆነች፤ ዓሣውም እስከ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ዘለቀ። ብዙ ወጣቶችም ሥራ አገኙ።

ነገር ግን የሰው እጅ ሲረዝም የሰው ኃላፊነትም አብሮ መርዘም ነበረበት። ይህ አልሆነም። አጥኚዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና ማብቂያ ላይ መረብ እየጣሉ ባደረጉት ማወዳደር፣ ወደ ወንዝ እየወጣ የሚራባው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አረጋገጡ። ዋናው ምክንያት ግልጽ ነበር። ዓሣው በክረምት ወደ ወንዞቹ አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት አስጋሪውም መረቡን ይዞ በዚያው ይሰበሰባል። አንዲት እንቁላል የያዘች ዓሣ በተያዘች ቁጥር የሚሸጠው የዛሬው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡት ዓመታት ዓሣዎች ጭምር ናቸው። ኋላ ላይ ዓይናቸው እጅግ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ክር መረቦች በሕገ ወጥ መንገድ ሲገቡ ትናንሾቹም መትረፊያ አጡ።

ችግሩ ሁሉ የአስጋሪ ብቻ ነው ማለታችን ግን አይደለም። የሐይቁ ዳር ረግረግ እየታረሰ ደንገሉ ተመናመነ። ከተራራው የሚታጠበው አፈር ወደ ውኃው ገባ። በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ የሐይቁን መውጫ በሰው እጅ ሥር አደረገ፤ በ2003 ድርቅና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው የሐይቁን ወለል እጅግ ዝቅ አደረጉት። በ2011 ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ ታየ፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያሉ የደንቢያና የፎገራ ገበሬዎች በውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት አገር ሁሉ አየ። ይህ ሁሉ ሲደራረብ የመጀመሪያው ተጎጂ ማን ሆነ? ሞተር የሌለው፣ ከዳርቻ የማይርቀው፣ ደንገሉን ያጣው ባለ ታንኳ ነው። ከተማዪቱም እያደገች በመጣች ቁጥር የዳርቻው መሬት ዋጋ ስለጨመረ፣ ነገደ ወይጦ ከውኃው ወደ ኋላ እየተገፉ መጡ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው የአበው ተረት የሚፈጸመው እንዲህ ሲሆን ነው።

የተቀደደችው ጀልባ

ዛሬ ደግሞ ስለ ጣና መታደስ በሰፊው ይወራል፤ ይሠራልም። ሐይቁና አካባቢው በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። በሰሜን በኩል ያለችው ጥንታዊቱ የጎርጎራ ወደብ በ2020 «ገበታ ለሀገር» በተሰኘው መርሐ ግብር ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ የቱሪስት ማረፊያ ተሠራባት። በባሕር ዳርም የዳርቻው መናፈሻና ሆቴል እየበዛ ሄዷል። ለአገር የሚበጅ ሥራ ሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ወደቡ ሲያምር፣ ዓሣ አራጋፊው፣ መረብ ጠጋኙ፣ ዓሣ በልታ የምትሸጠው ሴት፣ ታንኳ ሠሪው የት ይቆማሉ?

በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ወገን፣ «ድሆቹ እንዳሉ ይቆዩ፤ ልማት ያፈናቅላቸዋልና ምንም አትንኩ» ይላል። ይህ ርኅራኄ ይመስላል። ነገር ግን የሰውን ድህነት እንደ ቅርስ መጠበቅ ርኅራኄ አይደለም። ታንኳ ሠሪው ልጁን ማስተማር፣ ሲታመም መታከም፣ ዓሣውን ሳይበላሽ መሸጥ ይፈልጋል። ለእንግዳ ፎቶግራፍ ሲባል በድህነቱ እንዲቆይ የሚመኝለት ሰው ወዳጁ አይደለም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ቦታው ይዋብ፤ ገንዘብ ይግባ፤ ጥቅሙ እያደር ለሁሉም ይደርሳል» ይላል። ይህም ተስፋ ይመስላል። ነገር ግን ከቦታው የተነሣ ሰው «እያደር» የሚባለውን ቀን በቦታው ላይ ሆኖ አይጠብቅም። ጥቅሙ ሲመጣ እርሱ የለም።

በሱረቱል ከህፍ የተነገረውን የነቢዩ ሙሳንና የኸድርን (ዐለይሂማ ሰላም) ታሪክ የማያውቅ አንባቢ የለም። በባሕር ላይ እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች ሁለቱን እንግዶች በጀልባቸው አሳፈሯቸው። ኸድር ግን ጀልባዋን ቀደዳት። ነቢዩ ሙሳ ደነገጡ፤ ማንስ ባይደነግጥ! በጎ ለዋለ ሰው ምላሹ ንብረቱን ማበላሸት ነውን? ምስጢሩ ኋላ ተገለጠ፦ ከፊታቸው ደህና ጀልባን ሁሉ በግፍ የሚወስድ ንጉሥ ነበር። ጀልባዋ እንከን ሲኖራት ንጉሡ ተዋት፤ ድሆቹም ንብረታቸው ተረፈላቸው።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ትዕግሥትና ስለ ስውር ጥበብ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ስለ ወደብ ስናስብ ሌላም ትምህርት እናገኝበታለን። የድሃ ንብረት ሁለት ዓይነት አደጋ አለበት፤ አንዱ ከመበላሸት፣ ሌላው ከማማር የሚመጣ ነው። ጀልባዋ ብትሰጥም ባለቤቶቿን ታጠፋለች፤ ያለ ጥበቃ ብታምርም ባለ ጉልበት ይወስዳታል። ኸድር ጀልባዋን አላሰጠማትም፤ የሚጠገን እንከን ብቻ አደረገባት። ከሁሉ በፊት ያዳነላቸው ባለቤትነታቸውን ነው፤ ቀዳዳው ኋላ በእንጨት ይደፈናል። ባለቤትነት ከተወሰደ ግን ምን ሊደፍነው ይችላል?

እንግዲህ ለእኛ የሚተርፈው ቅደም ተከተሉ ነው። የአንድን ወደብ እድሳት የሚያስብ ሁሉ፣ አስቀድሞ የሰዎቹን መብት ያጽና፤ ቀጥሎ ቦታውን ያስውብ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ፣ የታደሰው ወደብ ሳይሆን የመሬቱ ዋጋ ብቻ ይሆናል። እኛ የሩቁን አውቀን ጀልባ የምንቀድድ ኸድሮች አይደለንም፤ የግምት ጉዳት የማድረስ ሥልጣንም አልተሰጠንም። የተሰጠን ግልጽ የሆነ ሕግ፣ ምስክር ያለው ውልና አማና ነው። በእነዚህ መጠቀም እየቻልን ድሃው ንብረቱን ለማትረፍ ንብረቱ እስኪበላሽ እንዲጠብቅ ማድረግ የለብንም።

ሦስቱ ወገኖች

ባለቤትነትን ማጽናት ግን ብቻውን አይበቃም። ዓሣ የሌለው ወደብ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ጥያቄው ከአፈናቃዩ ወደ አስጋሪው ራሱ፣ ወደ ገዢውም ይዞራል።

ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ ስለ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ይነግረናል። በዚያች ከተማ በሰንበት ማስገር ክልክል ነበር። ዓሣውም በዚያው ቀን ገሃድ ወጥቶ ይታያቸዋል፤ በሌላው ቀን አይመጣም። ተንታኞች እንደሚገልጹት ሰዎቹ ዘዴ ፈለጉ፤ ወጥመዳቸውን ከሰንበት በፊት እያኖሩ ከሰንበት በኋላ ሰበሰቡ። «በሰንበት አላሰገርንም» አሉ። የከተማዪቱም ሰዎች ሦስት ወገን ሆኑ፦ ተላላፊዎች፣ መካሪዎችና «እነዚህን መምከር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ዝምተኞች።

የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዞች አፍ ገሃድ ወጥቶ ሲመጣ ከዚህ ታሪክ ጋር ያለውን መመሳሰል ማን አያስተውልም? ዓሣው በብዛት በሚታይበት በዚያው ወቅት ነው እጅን መሰብሰብ የሚያስፈልገው። በአገራችንም በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የማስገሪያ ጊዜን፣ ቦታንና መሣሪያን ለመቆጣጠር መሠረት ጥሏል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ሕጉ አለ፤ ሰንበቱ ታውጇል። የቀረው የእኛ ከሦስቱ ወገኖች ወደ አንዱ መሆን ነው።

ነገር ግን ውድ አንባቢ ሆይ! እዚህ ላይ ቸኩለን በድሃው አስጋሪ ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት እናስተውል። ክረምት ለአስጋሪው ቤት የችግር ወቅት ነው። እህል ይወደዳል፤ ከአዲሱ ሰብል ገና አልተደረሰም። በዚህ ጊዜ ልጆቹ የራቡት አባት ከወንዙ አፍ ላይ ዓሣው ሲንጋጋ እያየ መረቡን እንዲሰቅል እንነግረዋለን። «የነገ ዓሣ ይኖር ዘንድ የዛሬ ልጅህ ይራብ» ማለት ፍትሕ ነውን? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በቁጣም በስብከትም አይመለስም።

መልሱ ያለው የመከልከሉን ሸክም ማን ይሸከም በሚለው ላይ ነው። ሐይቁ ዳግም ዓሣ ቢሞላ የሚጠቀመው ያ አባት ብቻ አይደለም። ነጋዴው፣ ሆቴሉ፣ ከተማው፣ በሩቅ ሆኖ ዓሣ የሚበላው ቤተሰብ ሁሉ ይጠቀማል። ጥቅሙን ሁሉም እየተካፈለ ሸክሙን አንድ ድሃ ብቻ እንዲሸከም ማድረግ ግፍ ነው። ስለዚህ «አታስግር» የሚል አንደበት ሁሉ፣ «እስከዚያው ድረስ ይህን ያዝ» የሚል እጅ ሊኖረው ይገባል። ዘካ ከተደነገገላቸው ወገኖች መካከል ድሆችና ባለ ዕዳዎች የሚገኙት በከንቱ አይደለም። በብዙ የዓሣ አገር የታወቀ ነገር አለ፤ ነጋዴው ለአስጋሪው መረብ ያበድረዋል፤ አስጋሪውም ዕዳው እስኪያልቅ ዓሣውን አበዳሪው በቆረጠው ዋጋ ብቻ እንዲሸጥ ይገደዳል። ዕዳውም አያልቅም። እንዲህ የታሰረ ሰው በክረምት መረቡን ቢሰቅል አበዳሪው ደጁ ላይ ይቆማል። ወለድ የሌለበት የቀርድ ሐሰን ብድር ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው መረብ ብቻ አይደለም፤ ሕግን ለማክበር የሚያስችል ነፃነት ጭምር ነው።

የአላንያ ዕጣ

«ይህ ሁሉ ምኞት ነው፤ አስጋሪዎች ተስማምተው ሲሠሩ የት ታይቶ?» የሚል ቢኖር፣ ወደ ቱርክ የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ ወደ አላንያ ወደብ እንውሰደው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ መቶ የሚሆኑ የአላንያ አስጋሪዎች ለጥሩ ጥሩው ሥፍራ ሲሻሙ እስከ ጠብ ደርሰው ነበር። ያለ ተቆጣጣሪ፣ ያለ ትልቅ ገንዘብ የሚከተለውን መላ መቱ። መረብ የሚጣልባቸውን ሥፍራዎች ሁሉ በስም መዝግበው፣ አንዱ የሌላውን ዓሣ እንዳይከለክል አራራቋቸው። በየዓመቱ በመስከረም ወር ፈቃድ ያላቸው አስጋሪዎች ሁሉ፣ የማኅበር አባል ሆኑም አልሆኑ፣ ዕጣ ያወጣሉ። ከዚያም ከመስከረም እስከ ጥር እያንዳንዱ በየቀኑ አንድ ሥፍራ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ከጥር በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። በዚህም ጥሩው ሥፍራ ለሁሉም በተራ ይደርሳል። ተራው የደረሰው ሰው የራሱን ሥፍራ ስለሚጠብቅ አታላይ መደበቂያ የለውም።

ይህን ሥርዓት ፊክረት በርከስ የተባለ ሊቅ አጠና፤ አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ለዓለም አስተዋወቀችው። እርሷም ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ደንብ አውጥተው ሊጠብቁ እንደሚችሉ በማሳየቷ በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። በአፍሪካችንም ቢሆን በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ያሉት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ጀልባ ባለቤቱን፣ ቀን ሠራተኛውንና ዓሣ ሻጯን በአንድነት የሚያስቀምጡ የዳርቻ አስተዳደር ማኅበራት አቋቁመዋል።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። ቅሬያችንስ ምንድን ነው? ሰው ሲሞት ሀብታሙም ድሃውም ተራውን ጠብቆ ይቆፍራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም የሚወስነው ከሩቅ የመጣ ባለሥልጣን ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይደጋገፋሉ። የሞተን ሰው በክብር ለመሸኘት እንዲህ ያለ ሥርዓት የሠራ ሕዝብ፣ በሕይወት ያለን ሰው እንጀራ ለመጠበቅ ሥርዓት መሥራት እንዴት ያቅተዋል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን አስተምረዋል። መጋራት ማለት ግን የቀደመ ይውሰድ ማለት አይደለም፤ ተራ ያለው፣ ወሰን ያለው፣ ደካማውን የማይረሳ ሥርዓት ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ የዓሣ ወደብ በእውነት ታደሰ የሚባለው መቼ ነው? ትልቅ ሕንፃ ሲቆም አይደለም። ዓሣ የሚራገፍበት ንጹሕ ወለል፣ ንጹሕ ውኃ፣ ዓሣው በጥቂት ሰዓት እንዳይበላሽ በረዶ፣ ሴቶች ተቀምጠው ዓሣ የሚያዘጋጁበት ጥላ፣ መረብ የሚጠገንበት መጠለያ ሲኖር ነው። ታንኳ የሚወጣበትና ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ በሕግ ተከልሎ ሲቀመጥ ነው። ነገደ ወይጦ ስለ ዳርቻው በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ እንደ ትዕይንት ሳይሆን እንደ ባለቤት ሲቀመጡ ነው። ከሁሉም በላይ የወይጦ አስጋሪ ልጅ አባቱ በቆመበት ወደብ ላይ፣ ከፈለገ አስጋሪ፣ ካልፈለገም ሌላ ሆኖ፣ ሳያፍር የሚቆምበት ቀን ሲመጣ ነው።

ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠበቀው

ወንድሜ ሆይ! እህቴ ሆይ! ከጣና የራቀ ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል? ብዙ ነገር ይችላል።

አንደኛ፣ ዓሣ ስንገዛ እንጠይቅ። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ዓሣ፣ እንቁላል የተሸከመ የክረምት ነጭ ዓሣ በርካሽ ሲቀርብልን ርካሽነቱ ከማን ኪስ እንደወጣ እናስብ። ዓሣ መታረድ ሳያስፈልገው ሐላል የተደረገልን ጸጋ ነው። ጸጋ ግን ሐላል ስለሆነ ብቻ ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ገዢ ከሌለ ተላላፊ አይኖርም፤ ስለሆነም ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው ከሦስቱ ወገኖች የትኛው ውስጥ እንዳለ ራሱን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ በቤታችን የንቀት ቃል አይሰማ። በመካነ ሰላምም ሆነ በየገጠሩ ወይጦ የለም ይሆናል፤ ነገር ግን ሸማኔ አለ፣ ቀጥቃጭ አለ፣ ሸክላ ሠሪ አለ፣ ቆዳ ፋቂ አለ። ማረሻችንን ቀጥቅጦ፣ ጋቢያችንን ሸምኖ፣ ጀበናችንን ሠርቶ የሚሰጠንን ሰው በሙያው ስም ከሰደብነው፣ ነገደ ወይጦን ከገፉት ሰዎች የምንለየው በቦታ ብቻ ነው። ሕፃን ልጅ ንቀትን ይዞ አይወለድም፤ ከእኛ አፍ ይቀበለዋል። ስለዚህ ንቀቱ የሚቆመውም ከእኛ አፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የራሳችን ከተማ ሲታደስ ይህንኑ መመዘኛ እንያዝ። መንገድ ሲሰፋ፣ የገበያ ቦታ ሲዛወር፣ የወንዝ ዳር ሲከለል «ያምራል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። አብረን ግን «ጉልቱ ላይ ድንችና በርበሬ የምትሸጠዋ እናት የት ሄደች?» ብለንም እንጠይቅ። የመስጊድ ኮሚቴ፣ የቅሬ ዳኛ፣ የቀበሌ ሹም ወይም የንግድ ሰው ከሆንን ደግሞ ጥያቄው ወደ ግዴታ ይለወጣል። ድምፅ ያለው ሰው ድምፁ የተሰጠው ለራሱ ጉዳይ ብቻ አይደለምና።

ቤት የሚመዘነው በደካማው ጥጉ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከመሐል ሳይሆን ከዚያው ጥግ ያፈሳል። ከተማም፣ ወደብም፣ ሕዝበ ሙስሊሙም እንደዚሁ ናቸው። ወደብ ታደሰ ሲባል ስንሰማ ወደ መብራቱና ወደ አበባው ብቻ ሳይሆን፣ ከጥግ ወደ ቆመው ሰው እንመልከት። እርሱ በቦታው ካለ ወደቡ ታድሷል። እርሱ ከሌለ ግን የተሠራው ነገር ምንም ያህል ቢያምር ሌላ ስም ያስፈልገዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) የደካማውን ሐቅ ከሚያዩ፣ ወሰንን ከማይተላለፉ፣ አይተውም ዝም ከማይሉ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።